ከበረዶ ሳጥን ሸሽቼ ባሕር የገባሁ ቀን

ዋና የማትችል ሴት በገዛ ፈቃዷ ባሕር ስትገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገብቻለሁ። ያውም ቀሚሴን እንደለበስኩ፣ ወገቤ በገመድ ታስሮ፣ የጅቡቲ ሚኒባስ የሚያህል ዓሣ ወደ እኔ እየመጣ። ያባረረኝ ሰው አልነበረም። የሸሸሁት ከአንድ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ «ሰክራ ነው» ማለታችሁ አይቀርም። ያን ዕለት ማታ የገዛ እናቴም እንዲያ ብላለችና አልፈርድባችሁም።

ስሜ ዘነበች ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ የመጣሁት ሰው ቤት ለመሥራት ነበር። ሆዳን ሰፈር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። መጠጥ የለመድኩት እዚያ ነው። እንግዶች ሲሄዱ ጠረጴዛ አነሳለሁ፤ በየብርጭቆው የቀረውን ወይን መድፋት ያሳዝነኛል። መጀመሪያ አሳዘነኝ፣ ቀጥሎ ጣፈጠኝ፣ በኋላ ደግሞ እንግዳ ያልመጣ ቀን ይከፋኝ ጀመር። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ባልባላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁና በቱሪስት ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆንኩ።

ጀልባችን ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት ፈረንጆችን ይዞ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። እዚያ በነዚያ ወራት አንድ ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ፈረንሳዮቹ «ረካን ባሌን» ይሉታል። ሻርክ ነው፤ ግን ሰው አይበላም፣ ለዓይን የማይታይ ጥቃቅን ነገር ነው ምግቡ። ፈረንጆቹ አብረውት ለመዋኘት ብዙ ይከፍላሉ። እኔ ግን በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ባሕር እፈራለሁ። ለውሃው ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

እንግዲህ የጀልባው ሠራተኞች በሙሉ ሙስሊሞች ናቸው። ፈረንጆቹ ደግሞ ቢራ ሳይዙ ባሕር አይወጡም። ካፒቴናችን ሑመድ አፋር ነው፤ ድሬዳዋ ዘመዶቹ ቤት ስላደገ አማርኛውን እንደኛው ያቀላጥፈዋል። መጠጥ ግን በእጁ አይነካም፤ ሞተረኛው ዓሊም እንደዚያው። ስለዚህ ገና የተቀጠርኩ ቀን ሑመድ ያን ሰማያዊ ሳጥን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣

«አንቺ ክርስቲያን ነሽ አይደል? ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ።

ሹመቴ ይሄ ነበር። ድመት ወተት እንድትጠብቅ ተደረገች በሉት። መቀመጫ ስለሌለኝ የምቀመጠውም እሱው ላይ ነው። ይሄ ሳያንስ ፈረንጆቹ አንድ ልማድ አላቸው፤ የዕለቱ የመጀመሪያ ዓሣ ከታየ በኋላ የሚከፈተው የመጀመሪያ ቢራ የአብሳይዋ ነው። «ለዕድል» ይላሉ። የመጀመሪያውን በግብዣ እጠጣለሁ፣ ቀሪውን ወደብ እስክንደርስ በሥልጣኔ።

የጅቡቲ ዕረፍት አርብ ስለሆነ ጉዟችን አርብ ነው። ድሬዳዋ እናቴ ዘንድ ያለችው ልጄ ምሕረት የምትደውለውም አርብ ማታ። አፌ እየተሳሰረ አወራታለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። እናቴ ለልጅቷ ምን እንደምትላት ቸግሯት «እናትሽን አሟት ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ልጄ ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ፣ «እማ፣ ዛሬም አሞሻል?» ነው። ይህቺ ጥያቄ አንጀቴን ስትበላው ኖራለች።

ለመቀነስ ያልሞከርኩት የለም። ከምሳ በኋላ ብቻ እጠጣለሁ አልኩ፤ ምሳ ሰዓት ወደ ጠዋት እየተጠጋ መጣ። ግማሽ ብቻ አልኩ፤ የተከፈተ ቢራ ግማሹ የት ይቀመጣል? በተለይ የሚያስቸግረኝ በውስጤ ያለው ድምፅ ነው። ጠላት አይመስልም። በራሴ ድምፅ፣ እንደ ታላቅ እህት እያባበለ ነው የሚመጣው። «ዘነበች፣ ዛሬ ደክሞሻል እኮ» ይላል። ስከራከረው ይበረታል፣ ስሰድበው ይስቃል። እኔም እየቆየ ሲሄድ የሚያድግ እንጂ የሚያልቅ ነገር አይመስለኝም ነበር። ካልጠጣሁ እስከ ሞቴ የሚጮህብኝ ይመስለኝ ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ምሕረት ወደ እኔ እንድትመጣ፣ ከተስማማትም እዚሁ ትምህርት ቤት እንድትገባ ተነጋገርን። እናቴ አመነታች። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦

«አርብ ማታ እደውላለሁ። ድምፅሽን ሰምቼ ነው ቅዳሜ ባቡር የማሳፍራት። ካልሆነ እዚሁ እኔው ዘንድ ትቀራለች፤ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

እናቴ ድምፄን እንደ መድኃኒት ቤት ሚዛን ነው የምታውቀው። አንድ ጉንጭ እንኳን ብቀምስ ታውቃለች። ታዲያ ያን አርብ ለምን ከሥራ አልቀረሽም ትሉኝ ይሆናል። በኔ ቦታ ለመቆም የምትጠብቅ አብሳይ ሞልታለች፤ ሥራዬን አጥቼ ልጄን ምን ላበላት?

ያን ቀን ጠዋት ሳጥኑ ላይ አልተቀመጥኩም። ሸራ አለበስኩት፣ ከላዩ የሩዝ ከረጢትና ድስቶቼን ደራረብኩበት። ሑመድ መሪውን እንደያዘ አየኝና፣

«አቦ፣ ዛሬ ደግሞ ቀበርሽው እንዴ?» አለ።

«ሞቷል፤ ነፍስ ይማር» አልኩት።

ግን ሙት አልነበረም። ማዳም ሶፊ የምትባል ዘወትር የምትመጣ ደንበኛችን አለች፤ ደግ ሴት ናት። ገና ከወደቡ ሳንርቅ ለውሃዋ በረዶ ጠየቀችኝ። ድስቶቹን አነሳሁ፣ ሸራውን ገለጥኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። ቅዝቃዜው ፊቴን ሲነካው አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ። ዘጋሁት። ሌላው ደግሞ ለሎሚናዳው በረዶ አለ። እንደገና ገለጥኩ። ያን ቀን ፈረንጅ ሁሉ በረዶ የሚጠጣ መሰለኝ።

ዓሣው እስከ ቀትር ድረስ አልታየም። ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ጨረስኩና የማያስፈልግም ጨምሬ ከተፍኩ። ድምፁ ቀስ ብሎ መጣ። «ገና ማታ ነው እኮ የምትደውለው። አሁን ብትቀምሺ እስከዚያ ከሰውነትሽ ወጥቶ ያልቃል።» ደረቴ ጠበበኝ። ትከሻዬ ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል ከበደኝ።

ያኔ ከፊት የቆመ አንድ ፈረንጅ ጮኸ። ሁሉም መነጽራቸውን እያጠለቁ ዘለሉ። ዓሊም በትንሿ ጀልባ ተከትሏቸው ሄደ። ሑመድ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ከኋላ ጥግ ምንጣፉን ዘርግቶ መስገድ ጀመረ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። በዚያ ጀልባ ላይ እኔን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

«አሁን ነው» አለ ድምፁ። «ለዓሣው መታየት የመጀመሪያው ያንቺ አይደል? መብትሽ ነው።»

ድስቶቹን መቼ እንዳነሳሁ አላስታውስም። ጠርሙሱ በእጄ ነበር። ውሃው በክንዴ ላይ እየወረደ ነው። ሌላው እጄ ከሽርጤ ኪስ መክፈቻውን ሲፈልግ አየሁት፤ «አየሁት» የምለው እጄ የሌላ ሰው እጅ ስለመሰለኝ ነው። መክፈቻው ክዳኑ ላይ አረፈ። የልጄ ጥያቄ ወደ አእምሮዬ መጣ፣ ግን እንደሌላው ቀን ልቤን አልነካውም። ያስደነገጠኝም ይሄው ነው። በልጄ ስም እንኳን የማይቆም ነገር በውስጤ እንዳለ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ጠርሙሱን መለስኩ። ግን ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ፊት ብሄድ ጀልባው ያልቃል፣ ወደ ኋላ ብሄድም ያልቃል። የትም ብቆም ሳጥኑ አጠገቤ ነው። ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ሳጥኑ የሌለበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ውሃው።

ሑመድ ስግደቱን ጨርሶ ሲዞር ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሼ፣ ትርፍ የዋና መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ግንባሬ ላይ አድርጌ ቆሜ አገኘኝ።

«ገመድ ስጠኝ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ልገባ ነው።»

«የት?»

«ባሕር ነዋ! ሌላ ምን አለ እዚህ?»

ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቴን ሲያይ ተወው። ሸራው የተገለጠውን ሳጥን አየ፤ እኔን አየ። ምንም አልጠየቀኝም። ገመዱን ወገቤ ላይ ሁለት ዙር አስሮ ጫፉን በእጁ ጠቀለለ።

«ስሚኝ» አለ። «ዓሣው ከመጣ አትሽሺው፣ አታባሪውም። እጅና እግርሽን አታወራጪ። ዝም ብለሽ ተንሳፈፊ፤ ያልፋል።»

«ካላለፈስ?»

«አቦ፣ ሁልጊዜ ያልፋል አልኩሽ!»

መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ ወረድኩ። ውሃው ወገቤ ጋ ሲደርስ ቀሚሴ እንደ ድንኳን ተነፍቶ ተነሳ። የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ጠራሁ። መሰላሉን ስለቅ ጨው ውሃ በአፍና በአፍንጫዬ ገባ፤ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፤ ጮህኩ። ጃኬቱ ግን ያዘኝ። ሑመድ ከላይ፣ «ፊትሽን ንከሪ! መነጽሩ ያሳይሻል!» አለኝ። መነጽሩን አወረድኩ፣ ቱቦውን ነከስኩና ፊቴን ነከርኩ።

የማውቀው ባሕር ከላይ የሚያብረቀርቀው ነበር። ከሥሩ ሌላ አገር አለ። ብርሃኑ በጨረር በጨረር ሆኖ ወደ ታች ይወርድና መድረሻው ሳይታይ ይጠፋል። ድምፅ የለም፤ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ከዚያ ጨረሩ ከሚጠፋበት ቦታ ጥላ ተነሳ።

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። እየቀረበ ሲመጣ ጭንቅላት ሆነ፤ ጠፍጣፋ፣ ሰፊ። አፉ በር ያህል ተከፍቶ ቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። እግሬ ሊራገጥ ተነሳ፣ እጄ ገመዱን ሊስብ። «አትንቀሳቀሺ!» የሚል ጩኸት ከላይ በውሃው ውስጥ ደብዝዞ ተሰማኝ። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም፤ ዝም አልኩ። ፍርሃቴ እስከ አናቴ ድረስ ወጣ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ቦታ አጣ፣ እኔም ዝም ብዬ ተመለከትኩ።

ዓሣው ሳይነካኝ ጎንበስ አለና ከሥሬ ማለፍ ጀመረ። ጀርባው እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ነው፤ ነጫጭ ነጠብጣቦች በረድፍ በረድፍ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ የሣላቸው ይመስላሉ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ትንሽ ዓይኑ አየችኝ፤ አየችኝና ምንም አላለችኝም። አልቸኮለም። ጀርባው አለፈ፣ ጀርባው አሁንም አለፈ፣ መቼ ነው የሚያልቀው አልኩ። እንባዬ መነጽሩ ውስጥ ሞላ። አምላኬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ጀርባዬን ሰጥቼው ነው ሽንኩርት ስከትፍ የኖርኩት! በመጨረሻ ጅራቱ መጣ፤ ከኔ የሚረዝም ጅራት አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ሲል ውሃው ገፋ አደረገኝ። ከዚያ ሰማያዊው ውሃ ብቻ ቀረ።

ሑመድ ጎትቶ ሲያወጣኝ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።

«አለፈ?» አለኝ።

«አለፈ» አልኩት።

ሳጥኑ ክንዴ አጠገብ እንደነበር ያየሁት ቆይቼ ነው። ውሃው ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም። የጮኸብኝ ድምፅ፣ እስከ ሞቴ አይተወኝም ያልኩት፣ የለም።

ፈረንጆቹ ተመለሱ፤ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ማዳም ሶፊ ቢራውን ራሷ አወጣችና ከፍታ ዘረጋችልኝ። «ዜኒ! ላ ፕሬሚዬር ፑር ቷ!» የመጀመሪያው ላንቺ ማለቷ ነው። አረፋው በጠርሙሱ አንገት ላይ ሲወርድ ሳይ ያው ጥላ ከሥር ተነሳ። አፉን ከፍቶ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ይህን ጊዜ ግን አልተከራከርኩትም፤ አልሰደብኩትም። እጆቼን ጭኔ ላይ አሳረፍኩና ተመለከትኩት። ደረቴ ሲጠብ ተመለከትኩ፣ ምራቄ ሲሞላ ተመለከትኩ። እስከ አናቴ ወጣ። ማዳም ሶፊ እጇን እንደዘረጋች ግራ ተጋብታ ቆማለች። ከዚያ ጀርባው መጣ፣ ረጅም ጀርባ፤ በመጨረሻ ጅራቱ።

«ኖን፣ ማዳም» አልኳት። «ዛሬ ሻይ ነው።»

«ዕድላችንስ?» አለች።

ሑመድ ከመሪው ሆኖ በፈረንሳይኛ መለሰላት፤ «ዕድሉን ራሷ ወርዳ አይታዋለች» አላት። ከፔርሙዙ ቅመም የበዛበት ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ።

ወደብ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እርጥብ ቀሚስ ለብሼ የባሕር ነፋስ ሲመታኝ ስለመጣሁ ሰውነቴ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስልኩ ጮኸ።

«ዘነበች» አለች እናቴ። «እንዴት ዋልሽ?»

«ደ... ደህና ነኝ እማዬ።» ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም። ጨዉ ሞርዶታል፣ ብርዱ ያንተባትበዋል።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለች።

«ባሕር ገብቼ ነው።»

«አንቺ? የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ አልጋ ሥር ስትገቢ ያደግሽው?»

«እውነቴን ነው! ዓሣ አየሁ እማዬ፣ ሚኒባስ የሚያህል፣ እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ያለው፣ በሥሬ አለፈ...»

ስናገረው ራሴን ሰማሁት። በጠጣሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለ የሰካራም ወሬ አውርቼ አላውቅም።

«እግዚኦ!» አለች እናቴ። «ዛሬስ ባሰ። ዘነበች፣ ዛሬ እንኳን?»

ሑመድ ነገሩ ገባውና ስልኩን ስጪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ሰዓት የማታውቀው ወንድ ድምፅ «ልጅሽ አልጠጣችም» ቢላት የሚሆነውን አስቡት። ያኔ ድምፁ መጣ፤ ከቀኑ ሁሉ የበረታው ይህኛው ነበር። «አየሽ? ጠጣሽም አልጠጣሽም ያው ነሽ። ሳጥኑ ውስጥ ቢራ ቀርቷል እኮ።» ሳጥኑ እግሬ ሥር ነበር። ዝም አልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተንሳፈፍኩ።

«እማማ፣ ስጪኝ» የሚል ትንሽ ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ። «እማ፣ ዛሬም አሞሻል?»

«አላመመኝም የኔ ልጅ። በርዶኛል እንጂ።»

«ዓሣው አልነከሰሽም?»

«ጥርሱ አይነክስም።»

«እሺ ንገሪኝ።»

ከመሰላሉ ጀምሬ ነገርኳት። ቀሚሴ እንዴት እንደተነፋ ስነግራት ሳቀች። ዓይኑ ምን ቀለም ነው አለች፤ ነገርኳት። አንድ ነገር ሳልደግም፣ ሳልዘል፣ ቀስ እያልኩ እስከ ጅራቱ ጫፍ ድረስ ወሰድኳት። ስጨርስ አላለቀስኩም። ስልኩ ውስጥ ከልጄ ትንፋሽ ሌላ አንድ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፤ እናቴ ጆሮዋን ጥዳ ስታዳምጥ ነው የቆየችው።

«ዘነበች» አለች በመጨረሻ።

«አቤት እማዬ።»

«ለዚያ አገር ስስ ልብስ ነው ወፍራም የምይዝላት?»

እንዲህ ነው የሆነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መጠጥ ጨርሶ ተውኩ ብዬ አልዋሻችሁም። በበዓል አንድ እጠጣለሁ፤ የተሸነፍኩባቸው ቀኖችም አሉ። ለብዙ ዓመት ጠጥቶ ሲያቋርጥ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ከባሕር በፊት ሐኪም ያማክር። ግን እናንተ ከአንድ ነገር ጋር የምትታገሉ፣ የምላችሁ አለኝ። እኔ ጥማቴ ካልሰጠሁት ማብቂያ የሌለው ይመስለኝ ነበር። በታገልኩት ዓመታት ሁሉ ጀርባውን አይቼው ስለማላውቅ ነው። ሁልጊዜ ገና አፉን ሲከፍት የጠየቀኝን እሰጠው ነበር። ለካ ጭንቅላት ያለው ነገር ጅራትም አለው። በዚህ በገዛ ሰውነቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መጥቶ እንደሚያልፍ፣ እኔም ቆሜ ላየው እንደምችል ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሳጥኑ አሁንም የኔ ነው፤ አሁንም እቀመጥበታለሁ። ምሕረት እዚሁ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ፈረንሳይኛዋ ከኔ በልጧል። አርብ አርብ ከወደብ ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። አሞሻል ወይ ማለት ትታለች።

«እማ፣ ዓሣው መጣ?» ትለኛለች።

«መጣ።»

«አለፈ?»

አንዳንዴ «አለፈ» እላታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ «ገና እያለፈ ነው፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» እላታለሁ፤ እሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ ትቀመጣለች።